ቴሌስኮፑን አይሽጡት፤ ጥፋቱ የሙሉ ጨረቃ ነው

«ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ምሽት ብመለከት ጉድጓዶቿ ጠፉብኝ፤ የገዛሁት ቴሌስኮፕ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፦ አልተበላሸም። እኔ በዚሁ ጥርጣሬ የመጀመሪያ ቴሌስኮፔን በግማሽ ዋጋ ስለ ሸጥሁ፣ እርስዎም እንዳይቆጭዎ የደረሰብኝን ልንገርዎ።

1. ጨረቃ ሙሉ ስትሆን የፀሐይ ብርሃን ፊት ለፊት ስለሚያርፍባት የጉድጓዶቹ ጥላ ለእኛ አይታይም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ያለው ታይኮ የተባለው ጉድጓድ እንኳ ነጭ ነጠብጣብ ይመስላል። ስለዚህ ጨረቃ ከተወለደች ከስምንተኛው እስከ ዐሥረኛው ቀን ድረስ፣ ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበትን መስመር ይከተሉ። (ሙሉ ጨረቃ የምትጠቅመው ከታይኮ ዙሪያ የተረጩትን ረጃጅም ነጫጭ ጨረሮች ለማየት ነው።)

2. ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን «525 ጊዜ ያጎላል» አይመኑ። 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ ከ140 ጊዜ በላይ ካጎላ ምስሉ ይደበዝዛል። ይህን ባለማወቄ ሻጩ ዘንድ ሄጄ ብጠይቅ፣ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ጨረቃን እኔ አልሠራኋት» አለኝ፤ በንዴት በዚያው ሳምንት ለአንድ ጎረቤቴ ሸጥሁት። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጎረቤቴ «ና እይ» ብሎ ጠራኝ፤ የጨረቃዋ ዘጠነኛ ቀን ነበር። በገዛ ቴሌስኮፔ፣ በሰው ሰገነት ላይ፣ 85 ኪሎ ሜትር የሚሰፋውን ታይኮን አየሁት፦ የግድግዳው ጥላ ወለሉን በከፊል ሸፍኖት፣ ከመሃሉ 2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚነሣው ተራራ ብርሃን ላይ ቆሞ ነበር። ያ ተራራ ጉድጓዱን የፈጠረው የሰማይ ድንጋይ ጨረቃን በገጨበት ቅጽበት የተደቆሰው መሬት፣ ጠብታ ሲወድቅበት መልሶ እንደሚዘል ውኃ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ እዚያው የቀረ ነው። ከታይኮ በስተ ደቡብ ክላቪየስ የሚባለው ሌላ ጉድጓድ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ፣ በውስጡ ከትልቅ ወደ ትንሽ እያነሱ የሚሄዱ ጉድጓዶች እንደ ቅስት ተደርድረው ነበር። ጎረቤቴ ያነን ሁሉ ያወቀው ማንንም ሳይጠይቅ፣ በየምሽቱ በማየት ብቻ መሆኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3. ቀን በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ አሻግረው አይመልከቱ፤ ሙቀቱ ምስሉን ያርገበግበዋል። በዘጠነኛው ቀን ጨረቃ ከፍ የምትለው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ እኔ አሁን በገዛሁት ባለ 130 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ የምመለከተው በዚያ ሰዓት፣ ከግቢው ሣር ላይ ሆኜ ነው።