አልጌ ሲርበው መርዙ ለምን ይብሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የባህር አልጌ ምግብ ሲያጥረው መርዙ ይጨምራል ሲባል ሰማሁ፣ ግን የተራበ ነገር ከየት አምጥቶ ነው መርዝ የሚሰራው? ሁሌስ እንደዛ ነው?

መልስ፦ ሁሌ አይደለም፣ ያጠረው ምንድነው የሚለው ነው ወሳኙ። አሌክሳንድሪየም የሚባለውን ባለ አንድ ሴል አልጌ ብናይ ሳክሲቶክሲን የሚባል ነርቭ የሚያሽመደምድ መርዝ ይሰራል፣ የመርዙ አንዱ ሞለኪውል ብቻውን 7 የናይትሮጅን አተም ይፈልጋል፣ ስለዚህ ናይትሮጅን ሲያጥር መርዙም ይቀንሳል። ጉዱ ያለው ፎስፈረስ ሲያጥር ነው፣ ሴሉ መከፋፈል ያቅተዋል ግን ናይትሮጅን መውሰዱን አይተውም መርዝ መስራቱንም አያቆምም፣ እና መርዙን የሚያካፍላቸው ልጅ ሴሎች ስለሌሉ መርዙ እዛው እሱ ውስጥ ይጠራቀማል።

ሱዶኒቺያ የሚባለው ዳያተም (ከሲሊካ የተሰራ መስታወት መሰል ቅርፊት ያለው አልጌ ነው) ደግሞ ሲሊካ ወይ ፎስፈረስ ሲያጥረው ዶሞይክ አሲድ የሚባል መርዝ ያበዛል። በ1987 እ.ኤ.አ. ካናዳ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ላይ የተለቀመ ሙስል (ዛጎል ያለው የባህር እንስሳ ነው) የበሉ ከ100 በላይ ሰዎችን ያሳመመው፣ የሞቱም አሉ፣ ይሄው መርዝ ነው፣ መቀቀል ደግሞ አያጠፋውም።

ብቻ አንድ ሴል ውስጥ ያለው መርዝ ጨመረ ማለት ባህሩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ መርዝ ጨመረ ማለት እንዳይመስልህ፣ ሴሎቹ ጥቂት ከሆኑ ድምሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል።