ገብሱ ቢጫ የሆነው ማዳበሪያ አንሶት አይደለም

ከባንጃ አንድ አርሶ አደር እንዲህ ብለው ጽፈውልናል፦ «ገብሴ ክረምት ሲገባ ቢጫ ይሆንና ይቀነጭራል። ማዳበሪያ ብጨምርም ለውጥ የለም። የጓሮው ግን ደህና ነው። በሽታ ይሆን?»

በሽታ ቢሆን ኖሮ የጓሮውንም ሳይነካው አይቀርም ነበር። ጓሮዎ ዓመቱን ሙሉ አመድና ፍግ ይደፋበታል፤ ማሳዎ ይህን አያገኝም። የእኔ ግምት ማሳዎ በአሲድ ተጎድቷል የሚል ነው። አንዱን ቢጫ ገብስ ከነአፈሩ ቆፍረው ያውጡ። ሥሩ አጭርና ወፍራም ከሆነ፣ ጫፉም ከጠቆረ ነገሩ ይኸው ነው።

የአፈር ምርመራ ካስደረጉ ፒኤች የሚባል ቁጥር ይነግሩዎታል። 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ ነው። ታዲያ 5 እና 6 ተቀራራቢ እንዳይመስሉዎት፦ ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር ፒኤቹ 6 ከሆነው በአሲድነት አሥር እጥፍ ይበልጣል። ከ5.5 ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የገብሱን ሥር ይጎዳል። ፎስፈረስ የሚባለውን የሰብል ምግብም አስሮ ያስቀረዋል። የገዙት ማዳበሪያ እዚያው ታስሮ ነው የሚቀረው።

አንድ ነገር ልቆጣዎ። ቢጫ ባዩ ቁጥር ዩሪያ የሚጨምሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ በየቀበሌው የማየው ነው። ዩሪያ ራሱ አፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይጨምራል። ይብቃዎት።

መድኃኒቱ የተፈጨ የእርሻ ኖራ ነው። ለሙሉ ማሳ መግዛት ይከብዳል፤ ስለዚህ አንዱን ጥማድ አራት ቦታ ይክፈሉትና በዓመት አንዱን ሩብ ብቻ ያክሙ። ለሩቡ አንድ ኩንታል ከሩብ ያህል ይበቃል፤ ምርመራው ሌላ መጠን ካለ እሱን ይከተሉ። ግንቦት ላይ፣ አፈሩ ሲርስ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት እኩል ይበትኑት። ወዲያው አርሰው ከአፈሩ ጋር ያደባልቁት፤ ላይ ላዩን ከቀረ ሥሩ ጋ አይደርስም። እስኪዘሩ አንድ ወር ቢያገኝ ጥሩ ነው። ዩሪያን ከኖራ ጋር አብረው አይበትኑ፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል።

ለግድግዳ የሚሆነውን የተቃጠለ ኖራ ግን እንዳይገዙ። እሱ ኃይለኛ ቤዝ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይግላል፣ እጅና ዓይን ያቃጥላል፤ ከበዛም አፈሩን ያበላሻል። የተፈጨው የኖራ ድንጋይ ደካማ ቤዝ ነው። ደካማ ሲባል ግን አይሠራም ማለት አይደለም፤ ቀስ እያለ ነው የሚሠራው፣ አሲዱን ግን ያጠፋዋል። የመጀመሪያው ዓመት ለውጡ ትንሽ ቢሆን ተስፋ አይቁረጡ፤ መሬቱንም ዲከረንስ ለሚባለው ዛፍ ለመስጠት አይቸኩሉ።

የቤቱ አመድም ይጠቅማል፤ ዝናብ ካጠበው ግን ጉልበቱ ይሄዳል፣ ጆንያ ውስጥ በደረቁ ያስቀምጡት። ለጥማድ ስለማይበቃ ለጓሮው ይተዉለት።