ከሰሉን የሚጨርሰው ነፋሱ ነው

ከደብረ ብርሃን «በኤሌክትሪክ መንፊያ ነው የምሠራው፤ ከሰሉ እንደ ጉድ ያልቃል፣ ማረሻው ግን ጫፉ ተቃጥሎ መሐሉ ሳይግል ይቀራል» ብለህ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ ችግሩ ከሰሉ አይመስለኝም። ነፋሱና የእሳቱ ጥልቀት ነው።

እኔ መንዝ ውስጥ ማረሻና ማጭድ ስቀጠቅጥ የኖርኩ ነኝ። ብረትህን ወደ ነፋሱ አፍ አታስጠጋ። ከቧንቧው የሚወጣው አየር ኦክስጅኑ ገና አልተቃጠለም። ብረቱን ካገኘው ራሱን ብረቱን ይበላዋል፤ ቅርፊት እየሆነ ይረግፋል። ከ10 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ፍም በመሐል ይኑር። ጫፉን ወደ ታች አትውጋው፣ አጋድመው፤ ከላይም ፍም አልብሰው።

ወናፍ የሚነፋ ሰው ብረቱ መቀጥቀጫው መስፍ ላይ ሲወጣ እጁን ያሳርፋል። ማሽን ግን አያርፍም። ስለዚህ ቧንቧው ላይ ከላሜራ ቁራጭ ተንሸራታች መዝጊያ ሥራለት። ብረቱን በጉጠት ስታወጣ ዝጋ፣ ስትመልስ ክፈት። ብዙ ከሰል የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው።

ከቆላ ባለሙያ የሰማኸውን የነፋስ መጠን ግን እንዳለ አትውሰድ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ቆላው ሸዋ ሮቢት ላይ የሚበቃው ነፋስ እዚህ ያንሳል። በብረቱ ቀለም ለካ። ለማረሻ ደማቅ ብርቱካንማ ይበቃል። ፍንጣሪውንም ለይተህ እወቅ። የከሰሉ ቀላ ብሎ ይበተናል። የብረቱ ነጭ ነው፣ አየር ላይ እንደ ኮከብ ይፈነዳል። እሱን ካየህ ብረቱ እየነደደ ነው፤ ቶሎ አውጣው። የመኪና ባሌስትራ ደግሞ ከግንባታ ፌሮ ቀድሞ ይቃጠላል፣ እሱ ላይ አትዘናጋ።

ከሰሉን የሎሚ ፍሬ መጠን እስኪሆን ስበረው። ብናኙን ለይ፣ አየር ያፍናል። የምድጃውን ዳር ውሃ እርጨው፣ መሐሉን ግን አትንካ፤ እሳቱ ወደ ዳር እንዳይዛመት ነው።

የድንጋይ ከሰል ካገኘህ አሠራሩ ይለያል። መጀመሪያ ዳር ላይ ጭሱ ይውጣለት፣ ከዚያ ወደ መሐል ግፋው። ከሥር ቀልጦ የሚረጋውን ጓል በየጊዜው አውጣ፤ ከተውከው የነፋሱን አፍ ይዘጋል።

የደብረ ብርሃን ብርድ በር እንደሚያስዘጋ አውቃለሁ። አደራህን፣ እሳት እያለ በሩንም መስኮቱንም አትዝጋ። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፤ ራስ ምታት ከጀመረህ ወዲያው ውጣ።

የምድጃህን ጥልቀትና የቧንቧህን ስፋት ለክተህ ጻፍልን፣ ከዚያ እንነጋገራለን።