ጣናን ይዛችሁ ሂዱ

ይህን የምጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር ጉባኤ ላይ ጥናታችሁን እንድታቀርቡ ለተጠራችሁ ወጣቶች ነው። በተለይ እዚህ ባሕር ዳር በውሃ፣ በዓሣና በግብርና ላይ ለምትሠሩ። እንኳን ደስ አላችሁ። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ስሠራ ነው ያረጀሁት፤ በእናንተ ዕድሜ ካሉ ልጆች ጋርም ደጋግሜ ተጉዣለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ጥሪው እውነተኛ መሆኑን አረጋግጡ። ካላመለከታችሁበት ቦታ በድንገት መጥቶ "ቶሎ ክፈሉ" የሚል ኢሜይል ሲደርሳችሁ ተጠንቀቁ። አዘጋጆቹ እነማን ናቸው? ባለፉት ዓመታት የቀረቡ ጽሑፎች ይገኛሉ? አማካሪያችሁ ያውቀዋል? እውነተኛ ከሆነ ደግሞ የክፍያ ቅናሽ ወይም የጉዞ ድጋፍ እንዳለ ሳታፍሩ ጠይቁ። ብዙ ጉባኤዎች ይህን ያደርጋሉ። ግን ቀድሞ የጠየቀ ነው የሚያገኘው።

ቪዛ ላይ አትዘናጉ። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ (ብዙዎቹን የአውሮፓ አገሮች በአንድ የሚያስገባው) የሚታይበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል፤ የግብዣ ደብዳቤው እንደመጣ ጀምሩት። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መውረድ ስላለ የእሱንም ወጪ ያዙ። ስማችሁን ልብ በሉ፤ ብዙ ልጆች ለጉባኤው ሲመዘገቡ የራሳቸውንና የአባታቸውን ስም ብቻ ይጽፋሉ፣ ፓስፖርቱ ላይ ግን የአያትም አለ። ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። እንደ ህንድና ደቡብ አፍሪካ ወዳሉ አገሮች የምትሄዱ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠየቃላችሁ፤ የሚሠራውም ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ በትዕግሥት ያልቃል። እኔን የሚያሳስበኝ መድረኩ ላይ የምትሉት ነገር ነው።

የብዙዎቻችሁን ስላይድ አይቻለሁ። ግማሹ ሌሎች አገሮች ውስጥ ሌሎች ሰዎች ስለጻፉት ነው። ጣና አንድ ካርታ ላይ ብቅ ብሎ ይጠፋል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ንድፈ ሐሳቡን ያውቁታል። የማያውቁት የእናንተን ሐይቅ ነው። በአማካይ 8 ወይም 9 ሜትር ብቻ ጥልቀት እንዳለው፣ ነፋስ ሲነሳ ደለሉ እንደሚታወክ ንገሯቸው። ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ አስጋሪው የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዞ እንደሚጠብቀው አሳዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜኑ ዳርቻ የታየው እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም እንዴት እንደተስፋፋ፣ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል እንደዋለ ተናገሩ። ታንኳ ላይ ተቀምጣችሁ የለካችሁትን ቁጥር ማንም ሌላ አያመጣውም።

ይህን ስታደርጉ ሰው ራሱ ይፈልጋችኋል። ቪክቶሪያ ሐይቅ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በእምቦጭ ተወርሮ ነበር፤ አረሙን የሚበሉ ጥቃቅን ጢንዚዛዎች ተለቀውበታል። ስለዚህ ከኡጋንዳ ወይም ከኬንያ የመጣ ባለሙያ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ለእናንተ ከትልልቆቹ ፕሮፌሰሮች ይልቅ እሱ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ዓባይ መጠየቃችሁ አይቀርም። ከግብፅ ወይም ከሱዳን የመጣ ሰው ሊጠይቃችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ አትቆጡ። የለካችሁትን በግልጽ ተናገሩ። ከጥናታችሁ ውጭ የሆነውን ደግሞ "ይህን አላጠናሁትም" በሉ። ከዚያ ምሳ አብራችሁ ብሉ። እሱም እንደ እናንተ ደለልና የውሃ ፍሰት ሲለካ የሚውል ሰው ነው።

ሌላው ይሉኝታ ነው። እኛ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በሉ ተብለን ነው ያደግነው። መልካም አስተዳደግ ነው፤ አትጣሉት። እዚያ ግን የሰውየውን ጽሑፍ አንብቦ ጥያቄ መጠየቅ ራሱ ማክበር ነው። እጃችሁን አውጡ። ስማችሁን፣ የመጣችሁበትን ተቋም፣ ከዚያ አንድ አጭር ጥያቄ። እንግሊዝኛዬ ይሰበራል ብላችሁ አትሸማቀቁ። አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ብዙው እንግሊዝኛን የተማረው ትምህርት ቤት ነው።

ቡና ሲወጣ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። አበሻ ካገኛችሁም ሰላም ተባባሉ፣ ተጨዋወቱ፣ ግን ተሰባስባችሁ አንድ ጥግ እንዳትቀሩ። ወጣቶቻችን ብዙ ዕድል የሚያመልጣቸው እዚያ ጥግ ላይ ነው። ያንን ሳይ ያመኛል።

ስትመለሱ ላገኛችኋቸው ሰዎች በዚያው ሳምንት ጻፉላቸው። "እልክላችኋለሁ" ያላችሁትን ላኩ። ውጤታችሁን ለአስጋሪዎቹም በአማርኛ ንገሯቸው፤ መረጃውን የሰጧችሁ እነሱ ናቸው። ያመለከታችሁበትን አብስትራክት (የጥናቱን አጭር ማጠቃለያ)፣ የድጋፍ መጠየቂያ ደብዳቤውን፣ ለቪዛ ያስገባችሁትን የወረቀት ዝርዝር በአንድ ፋይል አድርጋችሁ ክፍላችሁ ውስጥ በሚቀጥለው ዓመት ለሚያመለክተው ልጅ ስጡት።