«ጠየቅናት» የሚል ቃል አጣሁበት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች በሙሉ ስለ አረጋውያንና ስለ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬአለሁ፤ ስድቡንም ቆርጬአለሁ።

አምና ተከትቤአለሁ። ዘንድሮም ልድገም?

ይድገሙ።

የ71 ዓመት አባት ናቸው። በተከተቡ በሦስተኛው ቀን ጉንፋን አልጋ ላይ ጣላቸው፤ «ያመጣብኝ መርፌው ነው» ይላሉ።

በመርፌ የሚሰጠው ክትባት የሞተ ቫይረስ ወይም የቫይረሱ ቁራጭ ነው፤ የሞተ ደግሞ አይነሣም። ክንድዎን ሊያምዎት፣ ለአንድ ሁለት ቀን ሊደክምዎት ይችላል። ሰውነት መከላከያውን ለመገንባት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት፣ በሦስተኛው ቀን የጣለዎት ነገር ክትባቱን አልጠበቀም። ደግሞም የቋንቋችን ጥፋት አለበት፤ አፍንጫ የሚያፈሰውንም ሳንባ የሚያቆስለውንም «ጉንፋን» ብለን እንጠራለን። ክትባቱ የሚያውቀው ኢንፍሉዌንዛን ብቻ ነው።

«ለሽማግሌ አይሠራም» ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ ምን ያደክመኛል?

ግማሹ እውነት ነው። ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት መከላከያም ያረጃል፤ ለተለመደው ክትባት የሚሰጠው ምላሽ ይቀንሳል። ለዚህ ሲባል የተዘጋጁ ጠንከር ያሉ ክትባቶች አሉ። አንደኛው ከእያንዳንዱ የቫይረስ ዓይነት 60 ማይክሮግራም ይዟል፤ የተለመደው 15 ነው። ሌላው ምላሹን የሚቀሰቅስ ተጨማሪ ንጥረ ነገር ተቀላቅሎበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት፣ 65 ዓመት ከሞላቸው ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ባለ 60ውን የወሰዱት ከሌሎቹ በ24 በመቶ ያህል ያነሰ ኢንፍሉዌንዛ እንደያዛቸው አሳይቷል። ካገኙ እሱን ይጠይቁ። ካላገኙ ያለውን ይከተቡ፤ የተሻለውን ሲጠብቁ ወቅቱ ያልፍብዎታል።

ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ።

ለሚከትብዎ ሰው አስቀድመው ይንገሩ። በቀጭን መርፌ ይሰጥዎታል፤ ቦታውን ሳያሹ ሁለት ደቂቃ ተጭነው ይያዙት። የቀረውን ሐኪምዎ ያውቃል።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት አለባት። ነገርናት፣ ቀጠሮ ያዝንላት፣ ተቆጣናት፤ እምቢ አለች።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ጠየቅናት» የሚል ቃል አጣሁበት። የሚፈሩት መርፌውን ይሁን፣ ወረፋውን፣ ወይስ እናንተን ማስቸገሩን፣ ከሳቸው ሌላ ማን ያውቃል?

ግን ጥፋቱ የቤተሰቡ ብቻ አይደለም። ለግፊታቸው በየወሩ ጤና ጣቢያ እንደሚሄዱ ጽፈሻል። መለኪያው ሲጠመጠም እጅጌያቸው ተሰብስቦ ነበር እኮ! ያኔ ነርሷ «የኢንፍሉዌንዛ ክትባትዎንም ዛሬ እንስጥዎ?» ብትላቸው፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ መንገድ፣ ሌላ ጭቅጭቅ ባልኖረ። ብዙ አረጋዊ የሚቀረው እምቢ ብሎ ሳይሆን የሚጠይቀው ጠፍቶ ነው። ፖስተርና ደብዳቤ የሚችሉት ጥቂት ነው፤ ዴንማርክ ውስጥ ለመቶ ሺዎች አረጋውያን መልእክት ተልኮ፣ የተሻለ የሠራው ክትባቱ ለልብ እንደሚጠቅም የሚናገረው ነበር፤ እሱም ቢሆን የተከታቢውን ቁጥር ከፍ ያደረገው ከአንድ የመቶኛ ነጥብ ባነሰ ነው። የሚያምኑት ሐኪም ፊት ለፊት ሲናገር ግን ሌላ ነው።

ስለ ልብ ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የካናዳ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በተረጋገጠ በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) የመድረስ አደጋ ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚሆን አግኝቷል። «ጉንፋን አይገድለኝም» ካሉሽ የግፊት ሐኪማቸው ይህን ያስረዳቸው።

ለመሆኑ አንቺስ ተከትበሻል?

አባቴ ትኩሳት የለውም፤ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቀኑን ያምታታል፣ ሁለቴም ወድቋል። አሁን ላስከትበው?

ይህ እስኪታተም አልጠበቅኩም፤ የዚያኑ ዕለት «ክትባቱን ተወውና አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰደው» ብዬ ጽፌለታለሁ። በአረጋውያን ላይ ኢንፍሉዌንዛም የሳንባ ምችም ያለ ትኩሳት፣ ግራ በመጋባትና በመውደቅ ብቻ ሊገለጥ ይችላል፤ በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስም እንዲሁ። የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ይበልጥ የሚረዳው በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። እንዲህ ያለ ነገር በቤታችሁ ካለ ለእኔ አትጻፉልኝ።

በአፍንጫ የሚረጨው አይሻለኝም? 72 ዓመቴ ነው፤ መርፌ እፈራለሁ።

እሱ ለእርስዎ ዕድሜ አይሰጥም። ዓይንዎን ጨፍነው መርፌውን ይወጉ።