የጎረቤት ማሪዋና ጭስ፦ ጥያቄና መልስ

(መላሹ በዲሲና አካባቢው የተከራዮችን ጉዳይ ለዓመታት ሲከታተሉ የቆዩ አባላችን ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምንኖረው ዲሲ ነው። ከታች ያለው ሰውዬ ማታ ማታ ማሪዋና ያጨሳል። ጭሱ በመታጠቢያ ቤት በኩል ይገባል፤ የልጄ ፒጃማ ሳይቀር ይሸታል። ፖሊስ ጋ ደወልኩ፣ «ሕጋዊ ነው» አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ናቸው። ከ2015 ጀምሮ ዲሲ ውስጥ 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ 2 አውንስ መያዝና በግል ቤት ማጨስ ይችላል። ግን ወንጀል አልሆነም ማለት ጎረቤት አይከስም ማለት አይደለም። አገር ቤት «ሁከት ይወገድልኝ» የምንለው ዓይነት ክስ እዚህም አለ። በ2023 አንዲት የዲሲ አዛውንት በጭሱ ምክንያት ጎረቤታቸውን ከሰው፣ ያለ ጠበቃ ተከራክረው ረትተዋል። አጫሹ ማሪዋናን ለሕክምና የመጠቀም ፈቃድ ነበረው። ዳኛዋ ግን ፈቃዱ የሰውን ቤት ሰላም ለመንሳት አይሆንም አሉ። ከቤታቸው 25 ጫማ ርቀት ውስጥ እንዳያጨስ ታዘዘ። ካሳ አልተፈረደላቸውም።

ሽታ ፎቶ አይነሳም። ስለዚህ ደብተር ያዢ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የገባበትን ክፍል ጻፊ። እንግዳ ሲመጣ ይመስክርልሽ። ለአከራዩ በኢሜይል አሳውቂ፤ በቃል የተባለ ይካዳል። ውልሽንም አንብቢ። «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ካለበት አከራዩ ያስከብር፤ ፍርድ ቤት ላያደርስሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስንት ካሳ ይገኛል?

መልስ፦ በካሳ አትጀምሩ። መጀመሪያ ጭሱ ይቁም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ያጨሳል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ የት? ዲሲ? ሜሪላንድ? ቨርጂኒያ? ኪራይ ነው ኮንዶ? ግዛቱን ሳትጽፉ አትጠይቁኝ። ደብተር ያዙ።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ብጠራስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብቡ እንጂ!

አንድ አባል፦ የእኛስ ቡናና ዕጣን? ጎረቤቴ «ማሪዋና ነው» ብላ ማናጀር ጠርታብኛለች።

ሌላ አባል፦ ዕጣንን ከሐሺሽ ጋር? ነውር ነው!

አንድ አባል፦ ለእሷ ጭስ ጭስ ነው። ቡና ስቆላ አላርሙም ሁለቴ ጮኋል።

መልስ፦ አትጣሉ። ዳኛ የሚያየው የጭሱን ብዛትና ድግግሞሽ ነው። እሑድ የሚቆላ ቡናና በየሌሊቱ መኝታ ቤት የሚሞላ ጭስ አንድ አይደሉም። መስኮት ክፈቱ፣ ለጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ።

ጥያቄ፦ የኔ ጉዳይ ግልባጩ ነው። የሚያጨሰው ልጄ ነው። ጎረቤት ደብዳቤ ጻፈበት። ግሪን ካርድ ነው ያለው።

መልስ፦ ይሄ ከሁሉም ይከብደኛል። ግዛቱ ፈቀደም አልፈቀደ፣ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ዜግነት ያልያዘ ሰው «አጭሻለሁ» ብሎ ማመኑ ብቻ የኢሚግሬሽን ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። ማጨሱን ያቁም። ለደብዳቤው አንድ መስመር እንዳይመልስ። ነገ ጠዋት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋ ይዘሽው ሂጂ።