ልጁ ገጹን በሙሉ ሲያሰምርበት ምን ይደረግ?

እህቴ፣ 4ኛ ክፍል ያለው ልጅሽ ምንባቡን አቀላጥፎ እያነበበ «ቁልፍ ዝርዝሮቹን አውጣ» ሲባል ወይ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ይገለብጣል፣ ወይ ገጹን በሙሉ ያሰምርበታል ብለሽ ጠይቀሻል። ይህ ስንፍና አይደለም። ልጁ «ቁልፍ» የተባለው ለምን ጉዳይ እንደሆነ አልተነገረውም። አንድ ዝርዝር በራሱ ቁልፍ አይሆንም፤ ቁልፍ የሚሆነው ለተጠየቀው ነገር መልስ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከእርሳሱ በፊት ጥያቄውን ስጪው።

እንዲህ ያለ አጭር አንቀጽ ወረቀት ላይ ጻፊለት፤ ዓረፍተ ነገሮቹንም ቁጥር ስጪያቸው፦

(1) ዋልያ በስሜን ተራሮች ብቻ የሚኖር የዱር እንስሳ ነው። (2) ሰኮናው ገደላማ ቋጥኝ ላይ ሳይንሸራተት እንዲቆም ይረዳዋል። (3) የወንዱ ቀንድ ከ1 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። (4) ሣርና ቁጥቋጦ ይመገባል። (5) ሰዎች ለሥጋውና ለቀንዱ ሲሉ ሲያድኑት ኖረዋል። (6) እርሻና የከብት ግጦሽ እየሰፋ ሲሄድ መኖሪያው ጠበበ። (7) የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

መጀመሪያ «ዋልያ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?» በይው። ከ1 እስከ 4 ያሉት ይመልሳሉ። በማግስቱ ያንኑ አንቀጽ አምጪና «የዋልያ ቁጥር ለምን ተመናመነ?» ብለሽ ጠይቂው። አሁን 5 እና 6 ይመረጣሉ፤ 2 እና 4 ይቀራሉ። 1 ግን እንደገና ያስፈልጋል፦ ሌላ አገር የሌለው እንስሳ እዚያው ከተጎዳ የሚተርፍበት ቦታ የለም። ይህን ቶሎ አትንገሪው፤ ልጁ ራሱ እስኪደርስበት ጠብቂ። ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንቀጹ ሳይለወጥ ምርጫው ሲለወጥ ሲያይ፣ መምረጥ ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ልጆች ሁልጊዜ የሚሳቡባቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አሉ። 3 ስለሚያስገርም፣ 7 ደግሞ ዓመተ ምሕረትና ትልቅ ስም ስላለው ይመረጣሉ። አስገራሚ መሆንና አስፈላጊ መሆን ለየቅል ናቸው። «ተሳስተሃል» ከማለት ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን በቁራጭ ወረቀት ሸፍኚና «ይህ ባይኖር ጥያቄያችን መልስ ያጣል?» በይው። መልስ ካላጣ ዝርዝሩ ለዚህ ጥያቄ ቁልፍ አይደለም። ልጁ ግን «ቀንዱ ረጅም ስለሆነ እኮ ነው የሚያድኑት» ብሎ 3ን ከ5 ጋር ቢያያይዘው ተቀበይው። ምክንያቱን ከጽሑፉ እስከሰጠ ድረስ ይህ ጥሩ ንባብ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የመጀመሪያው ንባብ ያለ እርሳስ ይሁን። እርሳስ በእጁ ይዞ የሚጀምር ልጅ አንቀጹ የት እንደሚደርስ ሳያውቅ ያሰምራል፤ ገጹ የሚሞላውም ለዚህ ነው። በሁለተኛው ንባብ ከ7 ወይም 8 ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቢበዛ አራት ቦታ እንዲያሰምር ፍቀጂለት፤ በየቦታውም ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ከአምስት ቃል ያልበለጠ። «ሲያድኑት ኖረዋል»፣ «መኖሪያው ጠበበ» ይበቃል። ቀጥሎ ወረቀቱን ገልብጦ መልሱን በራሱ አነጋገር ይንገርሽ። በቃል መናገር ሳይችል እንዲጽፍ ከተደረገ ተመልሶ ይገለብጣል። ለሁሉም 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ማስረዘም ልጁን ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም።

ጥያቄውን ከየት ታመጫለሽ? ከርዕሱ። «ታጥቦ የሚዘጋጅ ቡና» የሚል ርዕስ ካለ «ቀይ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ምን ምን ይደረግበታል?» ይሆናል። እንዲህ ባለ የአሠራር ጽሑፍ ቁልፍ ዝርዝሮቹ ደረጃዎቹ ናቸው፦ መፈልፈል፣ ማጠብ፣ ማድረቅ። አንዱን ዘልሎ እንዲያነብ አድርጊና ቀጣዩ ትርጉም ይሰጥ እንደሆነ ጠይቂው።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር መገልበጡ ደግሞ ኃይለ ቃል፣ ማለትም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘው ዓረፍተ ነገር፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ ላይ ይመጣል ብሎ ከመልመዱ ሊሆን ይችላል። መሐልና መጨረሻ ላይም ይመጣል። አንድን አንቀጽ በየዓረፍተ ነገሩ ቆራርጠሽ ኃይለ ቃሉን መጨረሻ ላይ አድርጊና እንዲፈልገው ተዪው።

በአማርኛ ንባብ ብዙ ልጅ የሚጠፋበት ሌላም ቦታ አለ፤ ውጭ አገር ላደጉና ቋንቋውን በቤት ውስጥ ብቻ ለሚሰሙ ልጆች ደግሞ ይብሳል። ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ቃል ይይዛል። «ሲያድኑት» የሚለውን ያነበበ ልጅ እነማን፣ ማንን እንደሆነ ላያስተውል ይችላል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ ግሱን ይፈልግ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ «ማን? ማንን?» ብሎ ይጠይቅ።

ልጁ ከጽሑፉ ሳይሆን ከሚያውቀው ሊመልስም ይችላል፤ «ዋልያ የእግር ኳስ ቡድናችን ነው» እንደሚለው። እውነት ነው፣ ግን እዚህ አልተጻፈም። «ስንት ቁጥር ላይ አገኘኸው?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃዋል። ይህን ጥያቄ ትክክል ሲመልስም ጠይቂው፤ አለበለዚያ «ተሳስቻለሁ ማለት ነው» ብሎ ይለምደዋል።

ከ10 ቃል ውስጥ ከአንድ በላይ የሚሳሳት ከሆነ ግን ጽሑፉ ከብዶታል። ሐሳቡ ሁሉ ፊደል በመለየት ስለሚያዝ ለመምረጥ አቅም አይተርፈውም። ያን ጊዜ አንቺ አንብቢለትና እሱ በጆሮው ይምረጥ፤ የንባብ ልምምዱን ቀለል ባለ ጽሑፍ ለብቻው አድርጉት።

በአንድ አንቀጽ ሳይቸገር ሲሠራ ወደ ሁለትና ሦስት አንቀጽ እለፉ፤ ለእያንዳንዱ አንቀጽ የራሱ ጥያቄ ይኑረው። የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፉን ስትጀምሩ ከሥዕሉ ሥር ያለችውን ጽሑፍና ሠንጠረዡንም አስነብቢው። ልጆች ይዘሏቸዋል፤ የሚፈለገው መልስ ግን አንዳንዴ እዚያ ብቻ ነው የሚገኘው።